ሁለተኛ ዓመቴ ሆይ

ሁለተኛ ዓመቴ ሆይ፣ ወዴት ሄድክ? እኔ ቴፒ ነኝ። ቡናው ቀልቷል፤ ለቃሚው ቅርጫቱን ወገቡ ላይ አስሮ ጫካ ገብቷል። ዝናቡም እንደ ልማዱ ሳይጠሩት መጥቶ፣ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና አስሸፍኖ አልፏል። አንተን ብቻ የሚያመጣልኝ ወቅት አጣሁ።

የእኔ ነበርክ እኮ። በቴፒ ሙቀት፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሯጭ አይበቅልም ሲሉኝ በቀይ አፈር ላይ ጠዋት ጠዋት የገዛሁህ ነህ። በቆጂ 2,800 ሜትር ላይ ተቀምጣ ልጆቿን በስስ አየር ታሳድጋለች። እኔን ያሳደገኝ የጫካው እርጥበትና የእማዬ ጨሞ ነው፤ በርበሬና ዝንጅብል የገባበት የቡና ቅጠል። ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት በ5,000 ሜትር ለማለፊያው ሰዓት፣ ለሚኒማው፣ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረኝ አሰልጣኜ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «አይዞሽ፣ የሚመጣው ዓመት ያንቺ ነው» አለኝ። የሚመጣው ዓመት አንተ ነበርክ።

ቅልጥሜ ነው የከዳኝ። መጀመሪያ ልምምድ ስጨርስ ብቻ ያመኝ ነበር፤ ቆይቶ ስጀምርም ሆነ፤ በኋላ ተኝቼም አላስተኛ አለኝ። ወጌሻ በቅቤ አሸኝ። ሐኪም ፎቶ አንስቶ «ስንጥቅ ነው፣ እረፍት ነው መድኃኒቱ» አለ። እረፍት! ለእሱ አንዲት ቃል ናት። ለእኔ ከ20 ዓመት በታች የምሮጥበት የመጨረሻው ዓመት ነበር፤ በፈረንጆች ታኅሣሥ 31 ቀን 20 ዓመት የሞላው ሰው በዚያ ዓመት ከወጣቶቹ ጋር አይሰለፍም። ደንቡ የልደት ቀን እንጂ ቅልጥም አይጠይቅም።

ትምህርቴን ማቋረጥ እችል ነበር። ሬጅስትራር የሐኪም ማስረጃ ለያዘ ተማሪ በር አለው፤ ወጥቶ፣ ድኖ፣ ይመለሳል። እኔ ግን ጭንቅላቴ አልተሰበረም ብዬ በክራንች ክፍል ገባሁ። ትምህርቱ ቆጠረልኝ፣ ሩጫው ቆጠረብኝ። በአራት ዓመት ውስጥ በትርፍ ያገኘኋት ጳጉሜን ስድስትን ብቻ ነው፤ እሷም ዝናብ ዘነበባት።

ቤት ስመለስ፣ እማዬ ያረጀውን ቡና ስትጎነድል አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከጉልበት ዝቅ አድርጋ ግንዱን በሰያፍ ትቆርጠዋለች። ያቆጠቆጠውን ሁሉ አታሳድግም፤ ጠንካራዎቹን ሁለት ሦስት ቡቃያ ትታ ሌላውን ትለቅማለች። ሁለት ዓመት ያህል ፍሬ አይጠበቅበትም። በሦስተኛው ይቀላል። «እማዬ፣ በእነዚህ ዓመታት ይህ ቡና ምን ይባላል?» አልኳት። «ምን ይባላል ልጄ፣ ቡና ነዋ» አለችኝ። ማንም ከማሳው መዝገብ አይሰርዘውም። ቀናሁበት። በግንድ ይቀናል እንዴ አትበሉኝ፤ ይቀናል።

ዓመት መጨመር የማይቻል ነገር አይደለም። የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ከ18 እስከ 25 ዓመት ለሆናቸው ተማሪዎች ነው። ቼንግዱ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 ሊደረግ የነበረው በኮሮና ምክንያት ወደ 2023 ሲገፋ፣ ጣሪያው 27 ተደረገና የጠበቁት ልጆች ሮጡ። ዓለም ስትታመም ዕድሜ ይጨመራል፤ አንዲት ልጅ ስትታመም ግን አይ! አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የኮሌጅ ስፖርት ለረጅም ጊዜ በአምስት ዓመት ውስጥ አራት የውድድር ዘመን ይሰጥ ነበር፤ በዘመኑ መጀመሪያ የተጎዳ ተማሪ የሕክምና መዝገቡን አቅርቦ ያ ዘመን እንዳይቆጠርበት ያመለክት ነበር። ሁሉም አይፈቀድለትም ነበር፣ ግን የሚያመለክትበት ቢሮ ነበረው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ያሬድ ንጉሤ ለኦሊምፒክ ቶኪዮ ደርሶ በጭን ጡንቻው ጉዳት ሳይሮጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ እንደገና የዩኒቨርሲቲውን የኖትር ዳምን መለያ ለበሰ፤ ፓሪስ 2024 በ1,500 ሜትር ነሐስ አጠለቀ።

ታላላቆቻችንም ተሰብረው ቆይተዋል። እቴጌ ደራርቱ አትላንታ ላይ በጉዳት እየታገለች አራተኛ ወጣች፤ ሲድኒ ላይ ወርቋን መልሳ ወሰደች። ቀነኒሳ እ.ኤ.አ. በ2010 ባቱን ተጎድቶ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ከመም ራቀ። በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ላይ 10,000 ሜትሩን አቋርጦ ወጣ፤ አለቀለት ተባለ። በ2019 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:01:41 ሲጨርስ ከክብረ ወሰኑ የቀረችው ሁለት ሰከንድ ነበረች። እነሱን ሩጫው ጠበቃቸው፤ ስማቸው አስቀድሞ ተጽፎ ነበርና። ስም ሳታወጣ የተሰበረችውን ማን ይጠብቃት?

አንድ መንገድ እንዳለ አውቃለሁ፤ በየመንደሩ የሚንሾካሾኩት። የልደት ወረቀት ይዞ ዕድሜ ማስቀነስ። ለእኔም ተነግሮኛል፤ «ሁለት ዓመት ምን አላት፣ አሳንሰሽ ተመለሽ» ተብያለሁ። አላደረግኩትም። የእናቴን ምጥ በሁለት ዓመት ወደፊት መግፋት አስጠላኝ። ግን ልናገር፤ እውነተኛው በር ሲዘጋ ነው የሐሰቱ የሚለመደው።

ሁለተኛ ዓመቴ ሆይ፣ ናፍቀኸኛል። ያልሮጥኩብህ ዙር፣ ያልለበስኩብህ መለያ፣ ከትራክ ዳር ስሜን ያልጠራብህ ተመልካች ይናፍቀኛል። ሰው ያለፈበትን ይናፍቃል ይላሉ፤ እኔ ያላለፍኩበትን ናፈቅሁ።

እናንተ ደንብ የምትጽፉ፣ ለእኔ አልለምናችሁም፤ ተመርቄያለሁ። አሁን ግን በሁለተኛ ዓመቷ ላይ ያለች፣ ጅማቷ የተጎዳባት የአካባቢዬ ልጅ አለች። በየማታው እግሯን በረዶ ላይ ታሳርፋለች። የሐኪም ወረቀቷን ስታመጣላችሁ ተቀበሏት፤ የተኛችበትን ዓመት አትቁጠሩባት።