ኤቤትስ ፊልድ በሮክዌል ብሩሽ

አሜሪካዊው ሠዓሊ ኖርማን ሮክዌል እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የሳለውን የቤዝቦል ሥዕል እያየሁ አልጠግብም። ቦታው ብሩክሊን፣ ኤቤትስ ፊልድ ስታዲየም ነው። ሦስት ዳኞች ሰማዩን አንጋጠው ያያሉ፤ መሐለኛው የዝናብ ጠብታ መኖሩን ለማወቅ መዳፉን ዘርግቷል። ከኋላ ባለው የውጤት ሰሌዳ ላይ የፒትስበርግ ቡድን ብሩክሊንን 1 ለ 0 ይመራል፤ ስድስተኛው ዙር ነው። ጨዋታው አሁን በዝናብ ከተቋረጠ ብሩክሊን ተሸነፈ ማለት ነው። ሠዓሊው ምቱንም ሩጫውንም ትቶ ይህችን የጭንቅ ደቂቃ መምረጡ እንዴት ያለ ማስተዋል ነው!

ጥቁሩ የብሩክሊን ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ጥቁሮችን ከትልቁ ሊግ ያገደውን ግንብ የናደው እዚሁ ሜዳ ላይ ነበር። ስታዲየሙ በ1960 ፈረሰ፤ ዛሬ ቦታው ላይ የመኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል። ሥዕሉ ግን ኩፐርስታውን በሚገኘው የቤዝቦል ሙዚየም ተቀምጧል። ኒውዮርክ ያላችሁ ወገኖች፣ ልጆቻችሁን ወስዳችሁ አሳዩአቸው።