ቦሩ ሜዳ፦ ትንሽ መንደር፣ ከባድ ታሪክ



ዛሬ ወደ ወሎ ይዘናችሁ እንጓዛለን። ከደሴ ወደ ሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን ሰፊ ሜዳ ከፊታችን ተዘረጋ። ቦሩ ሜዳ ይህ ነው። አገሩ ደጋ በመሆኑ ነፋሱ ይበርዳል፤ ከሚኒባሱ እንደወረድን ሁላችንም ጋቢያችንን ደረብን። በማሳው ገብስ፣ በየጓሮው ባሕር ዛፍ፣ በመንገዱ ዳር በግ የሚነዱ ልጆች ይታያሉ። ጥቂት እንደሄድን «ግቡ፣ ቡና ጠጡ!» የሚል ድምፅ ሰማን።

ይህን ጸጥ ያለ መንደር ያየ ሰው የወሎ ሙስሊሞች ከባድ ፈተና የተጀመረበት ስፍራ መሆኑን ይገምት ይሆን? በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚህ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኙ። ጉባኤው በመጀመሪያ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለረጅም ዘመን የቆየውን ክርክር ለተዋሕዶ ፈረደ። ቀጥሎም የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና ያነሷቸውም ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ። እኚህ ሰው በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት፣ የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። ኢማም አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተብለው በምኒልክ እጅ ክርስትና ተነሡ።

ሕዝቡ ግን በቀላሉ አልተበገረም። ከፊሉ አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ ከፊሉ ቀን ክርስቲያን መስሎ ውሎ ሌሊት በስውር ይሰግድ ነበር። እንደ ሸህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉ ዑለማዎች ደግሞ ሕዝቡን አስተባብረው ተዋጉ። ሸህ ጦልሃ በዐረብኛ ፊደል የጻፏቸው የአማርኛ መንዙማዎችም ይታወቃሉ። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ካለፉ በኋላ ጫናው ረገበ።

ቡና ያቀረቡልንን አዛውንት «አባባ፣ ያ ዘመን ቂም አልተወም?» ስንል ጠየቅናቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ፈገግ አሉ። «ልጆቼ፣ የእናቴ ወገን ክርስቲያን ነው፤ የአባቴ እስላም። በማን ላይ ልቀየም? ኀዘኑም ሰርጉም የጋራችን ነው» አሉን። ጉዳዩን ረስተውት እንዳልሆነ ግን ከአነጋገራቸው ተረዳን፤ የአያቶቻቸውን ስደት መንገድ እየጠቀሱ አጫውተውናልና።

ከአዛውንቱ ቤት ወጥተን ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አቀናን። በሚስዮናውያን የተጀመረው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከም ነበር። ዛሬ የዓይንና የቆዳ ሕሙማን፣ መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸውም ከየአቅጣጫው ይመጡበታል። በበሩ ላይ ሒጃብ የለበሰች እናትና ማተብ ያሰሩ አባት አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቁ ነበር።

ወላጆች ሆይ! ሥጋ ደዌ እርግማን እንዳልሆነ ለልጆቻችሁ ንገሩ። በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። ስሜት የሌለው የነጣ ወይም የቀላ የቆዳ ምልክት ያየ ሰው ሳይዘገይ ይታከም።

በአንድ ወቅት ሰው በሃይማኖቱ የተለየበት ሜዳ ዛሬ ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ የሚታከምበት ሆኗል። ለልጆቻችን ሁለቱንም እንንገራቸው፤ አያቶቻቸው ለእምነታቸው የከፈሉትን ዋጋ፣ የጎረቤትንም ሐቅ። አላህ ታሪኩን የሚያውቅ፣ ጎረቤቱን የሚያከብር ትውልድ ያድርጋቸው። አሚን!