ምረቃ ጅማሬ ነው

ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር እንግሊዝኛ የምናጠናው በዩኒቨርሲቲ ምረቃ ላይ የተሰጡ የምክር ንግግሮችን እያዳመጥን ነው። ቃሉ ከታሪክ ጋር ስለሚመጣ ቶሎ አይረሳም። ስቲቭ ጆብስ በ2005 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ኮሌጅ አቋርጦ መውጣቱን ሲተርክ «ድሮፕ አውት» የሚለው ያለ መዝገበ ቃላት ይገባናል። አድሚራል ዊሊያም ማክሬቨንም በ2014 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችን ጠዋት ተነሥተው አልጋቸውን እንዲያነጥፉ መክሯል፤ ቃላቱ ከቤት የማይወጡ ቀላል ቃላት ናቸው።

ከሁሉ የገረመን ግን የበዓሉ ስም ነው። አሜሪካውያን የምረቃን በዓል «ኮሜንስመንት» ይሉታል፤ ፍቺውም «ጅማሬ» ነው። እኛ «ጨረስን» በምንልበት ቀን እነርሱ «ጀመርን» ይላሉ። የእኛ «ምረቃ» ደግሞ ከ«ምርቃት» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ተመራቂ ማለት የተመረቀ፣ የተባረከ ማለት ነው።

ወገኖች ሆይ፣ በመካከላችን ዲግሪውን ይዞ ሥራ ፍለጋ ደጅ የሚጠና፣ «በቃ፣ የእኔ ነገር አበቃ» የሚል ወጣት አለ። ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ይያዝልን። አብራም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ የበረከት ተስፋ የተሰጠውም መንገዱን ሳይጀምር ነው። ወላጆቻችንስ መንገደኛን የሚመርቁት ሲሸኙት አይደለምን?

እንግዲህ በዚህ ሳምንት አንድ ንግግር እናዳምጥ፤ አምስት አዲስ ቃላት በደብተራችን እንጻፍ፤ በእያንዳንዱም የራሳችንን ዓረፍተ ነገር እንሥራ። የመጀመሪያው «ገና እየጀመርኩ ነው» የሚል ይሁን።

ጌታ ጅማሬያችሁን ይባርክ።