ከአሳዳሪ ገበታ ወደ ሕዝብ ገበታ

ለሥልጠና፣ ለስብሰባ ወይም በመንገዳችሁ ላይ ሲንጋፖር የማደር ዕድል ቢገጥማችሁ መጀመሪያ የሚያስደነግጣችሁ የኑሮው ውድነት ነው። ባልና ሚስት ሆናችሁ ደኅና ምግብ ቤት ብትገቡ፣ ከተጻፈው ዋጋ ሌላ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርባችኋል፤ በዚያ ላይ ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ 9 በመቶ የደረሰው የሽያጭ ግብር አለ። ታዲያ ጦም ማደር ነውን? አይደለም። የአገሩ ሰው ወደሚበላበት ሂዱ።

ያ ቦታ “ሆከር ሴንተር” ይባላል። ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የሌለው ሰፊ አዳራሽ ነው። በዙሪያው ትንንሽ የምግብ መሸጫዎች ተደርድረዋል፤ መካከሉ ላይ የጋራ ጠረጴዛዎች አሉ፤ ከላይ ማራገቢያዎች ይሽከረከራሉ። በከተማይቱ ከ110 በላይ እንዲህ ያሉ አዳራሾች አሉ። ማክስዌልና ላው ፓ ሳት በጎብኚዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው፤ እንደ ቶአ ፓዮና ቤዶክ ባሉ የመኖሪያ ሰፈሮች ግን ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ሲበሉ ታያላችሁ።

ሳህኑ ላይ ምን አለ?

ከኑድሉና ከሩዙ መካከል “ዌስተርን ፉድ” የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። የፈረንጅ ምግብ ማለት ነው። “ቺክን ቾፕ” ብላችሁ ብታዙ፣ አጥንቱ የወጣለት የዶሮ ታፋ ተጠብሶ፣ የቁንዶ በርበሬ ወይም የእንጉዳይ ስጎ ፈስሶበት ይመጣል። ከጎኑ የድንች ጥብስ፣ በማዮኔዝ የተለወሰ ጥቅል ጎመን፣ አንዳንዴም በቲማቲም የተሠራ ነጭ ቦሎቄ ይኖራል። ዋጋው ብዙ ቦታ ከ10 የሲንጋፖር ዶላር ብዙም አይርቅም።

“ፖርክ ቾፕ” የሚለው የአሳማ ሥጋ ስለሆነ የማትበሉ ተጠንቀቁ። በጥንቱ አሠራር ሥጋው በተፈጨ ብስኩት ተለውሶ ይጠበስና ሽንኩርትና አተር ያለበት የቲማቲም ስጎ ይፈስበታል። ስትቀምሱት ግን ፈረንጅ አገር የበላችሁትን አይመስላችሁም። ስጎው ጣፈጥ ይላል፤ ብዙ ጊዜ የቻይናዎቹ የአኩሪ አተር ስጎም ይገባበታል። ለምን እንዲህ ሆነ?

ከጓዳ የወጣ ሙያ

መልሱ ያለው በሃይናን ሰዎች ታሪክ ውስጥ ነው። ሃይናን በደቡብ ቻይና ያለች ደሴት ናት። ሰዎቿ ወደ ሲንጋፖር የፈለሱት ከሌሎቹ ቻይናውያን ዘግይተው ስለነበር ዋና ዋናው ንግድ በቀደሙት ተይዞ ጠበቃቸው። ስለዚህ ብዙዎቹ በእንግሊዞች ቤት፣ በሆቴል፣ በመርከብና በጦር ሰፈር በወጥ ቤትነትና በአሽከርነት ተቀጠሩ። የጌቶቻቸውን ምግብ የተማሩት በጓዳ ቆመው ነው። ያን ምግብ ሠርተው ያቀርቡ ነበር እንጂ አብረው ለመብላት ገበታው ላይ አይቀመጡም ነበር።

እንግሊዝ ሠራዊቷን እንደምታስወጣ እ.ኤ.አ. በ1968 አስታወቀች፤ እ.ኤ.አ. በ1971ም አብዛኛው ወጣ። አሳዳሪዎቹ እየሄዱ በመጡባቸው በእነዚያ ዓመታት ሙያው በአብሳዮቹ እጅ ቀረ። ከሃይናን ሰዎች ብዙዎቹ ቡና ቤትና ምግብ ቤት ከፍተው ስለነበር፣ የጌቶች ምግብ በአገሬው ጣዕም ተቃኝቶ ለተራው ሠራተኛ ደረሰ።

በዚያው ዘመን መንግሥት በየመንገዱ ያለ ቧንቧ ውኃ ምግብ የሚሸጡትን መዝግቦ፣ ከ1971 እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ውኃና የፍሳሽ መስመር ያላቸውን አዳራሾች ሠርቶ አስገባቸው። ከመንገድ ለተነሡት የቀድሞ ነጋዴዎች ኪራዩ በድጎማ ዝቅ ማለቱ ምግቡ ርካሽ ሆኖ እንዲቆይ ረድቷል። ዩኔስኮም ይህን ባህል እ.ኤ.አ. በ2020 በቅርስነት መዘገበው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ አብሳዮች አርጅተዋል። ሥራው ከንጋት ጀምሮ እሳት ፊት መቆም ስለሆነ፣ የተማሩ ልጆቻቸው ብዙ ጊዜ አይረከቡትም። አንዱ ሽማግሌ በሩን ሲዘጋ የስጎው ሙያም አብሮት ሊቀር ይችላል።

ስትሄዱ

ጠረጴዛ ላይ የሶፍት ፓኮ ብቻውን ተቀምጦ ብታዩ ተረስቶ አይምሰላችሁ፤ ቦታው ተይዟል ማለት ነው። እናንተም እንዲሁ አድርጉና ተሰለፉ። አንዳችሁ ዶሮውን፣ ሌላችሁ ዓሣውን አዝዛችሁ ብትካፈሉ ሁለቱንም ትቀምሳላችሁ።

በልታችሁ ስትጨርሱ ትሪውን ራሳችሁ መልሱ። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ ይህ ግዴታ ነው፤ በተደጋጋሚ እምቢ ያለም ይቀጣል። ለሙስሊሞች ሐላል ምግብ የሚሆነው መመለሻ ለብቻው ስለሆነ ጽሑፉን አንብቡ።

ትሪውን ስትሸከሙ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ከረባት ያሠረውም፣ የቀን ሠራተኛውም የየራሱን ይዞ ይሄዳል። ድሮ አሽከር ቆሞ ያቀርበው የነበረው ምግብ ዛሬ አሽከር በሌለበት አዳራሽ ይበላል።