ያፈርኩት በዱለቱ ነው በእሷ?

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከምትወዷት ልጅ ጋር ምግብ ቤት ገብታችሁ ባዘዘችው ምግብ አፍራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አፍሬያለሁ። ዋጋዬንም አግኝቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ እሑድ ከአራት ኪሎ በቀበና በኩል ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወጣውን ታክሲ ያዝን። ሦስት ነን፦ እኔ፣ እሷና መሥሪያ ቤቷ በእንግድነት የመጣ አንድ የስኮትላንድ ሰው። ከታክሲው ወርደን የእንጦጦን ዳገት በእግር ተያያዝነው። ባሕር ዛፍ፣ ብርድ፣ ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች... ላይ ላዩን በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ አለ፤ እኛ ግን ታችኛውን መንገድ ዞረን ስንመለስ ሆዳችን ከጀርባችን ተጣብቋል። ሰፈር ውስጥ ያገኘናት ምግብ ቤት ገባን።

ሰፈሩ በፈረንሳይ ኤምባሲ ስም ስለሚጠራ ይሁን አላውቅም፣ እኔም ፈረንጅ ልሁን አልኩና ስፓጌቲ በሹካ አዘዝኩ። እሷ ደግሞ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ዱለት! ለብለብ ይሁን፣ ሚጥሚጣው ጠንከር ይበል!»

ክው አልኩ። ጨጓራና ጉበት፣ በፈረንጅ ፊት? ጠጋ ብዬ «ምን ነካሽ? የሆድ ዕቃ እኮ ነው! ሰውየው ምን ይላል?» አልኳት። ዝም አለች። ይባስ ብዬ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ሰውየውን ይቅርታ ጠየቅሁት።

ሰውየው ሳቀብኝ። ለካስ የእነሱም አገር ዱለት አለው፤ ሃጊስ ይሉታል። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ይከተፋል፤ ከአጃ፣ ከሽንኩርትና ከሞራ ጋር ይደባለቅና በበጉ ጨጓራ ተጠቅጥቆ ይቀቀላል። በየዓመቱ ጥር 17 ቀን የገጣሚያቸውን የሮበርት በርንስን ልደት ሲያከብሩ ሃጊሱ በሙዚቃ ታጅቦ ይገባል፤ እንግዳው ሁሉ ብድግ ይልለታል! ገጣሚው እ.ኤ.አ. በ1786 ለሃጊስ የጻፈው ግጥም እየተነበበ ይቆረጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1971 ሳንባ እንዳይበላ ብትከለክልም ስኮትላንዶች አላፈሩበትም። እነሱ ተነስተው የሚቀበሉትን እኔ ከጠረጴዛ ሥር ልደብቅ!

ዱለቱ መጣ። እንግዳው እጁን ታጠበ፤ በቀኝ እጁ፣ ከፊት ለፊቱ ብቻ በላ። እሷ አጎረሰችው፤ «አንድ ያጣላል» ብላ ደገመችው። ሚጥሚጣው ዓይኑን እያስለቀሰው «ጨምሪ» አለ። እኔስ? ስፓጌቲዬን ብቻዬን እጠቀልላለሁ። ጉርሻ የለ፣ ወሬ የለ!

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ያፈርከው በዱለቱ ነው በእኔ?»

መልስ አልነበረኝም።

እናላችሁ ወገኖቼ፣ ከእኔ ተማሩ። እንግዳ ስትጋብዙ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ጾም ነው ፍስክ? የክርስቲያን ሥጋ ነው የሙስሊም? ጥሬ፣ ለብለብ ወይስ የበሰለ? ይህ ነውር የለውም። ካልለመዳችሁት «አልለመድኩትም፣ እናንተ ብሉ» ማለት ይበቃል። ሰው ያዘዘውን ምግብ ማንቋሸሽ ግን ያዘዘውን ሰው ማንቋሸሽ ነው። ምግቡ የእናቷ እጅ ያሳደጋት ሊሆን ይችላልና!

ስልኬን ለማንሳት ሦስት ሳምንት ፈጀባት። በአራተኛው እሑድ እዚያችው ምግብ ቤት ተቀመጥንና አስተናጋጇን ጠራሁ፤ «አንድ ዱለት፣ ለሁለት!» ጨጓራ ወደድኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ግን አጎረሰችኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለተኛዋን እየጠበቅሁ ነው።