ዘጠነኛ የገቡት የት ደረሱ?

ሐምሌ 12 ቀን 2017፣ ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ

ልጃችን የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናዋን ጨርሳ ውጤት እየጠበቀች ነው፤ እኛ ደግሞ ትምህርት ቤት እያማረጥን ነው። ሦስት የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለይተናል፤ ሁለቱ እዚሁ ኮምቦልቻ፣ አንዱ ደሴ። ብሮሸሮቻቸውን ጎን ለጎን አድርጌ ሳነብ የሦስቱም ቃል አንድ ነው፦ ልምድ ያላቸው መምህራን፣ የተሟላ ላብራቶሪ፣ የቅዳሜ ማጠናከሪያ፣ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሞዴል ፈተና። የሚያስተምሩበት መጽሐፍ የትምህርት ሚኒስቴር ያው አዲሱ መጽሐፍ ነው። የወር ክፍያቸውም ይቀራረባል።

ምርጫው ከባድ የሆነብን ጊዜው ረጅም ስለሆነ ነው። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ አንድ ልጅ ከስምንተኛ ወጥቶ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚመዘነው አሥራ ሁለተኛ ሲደርስ ነው። በመካከሉ ያሉትን ዓመታት ካርዱ ላይ የሚሞላው ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። ዘጠና እያመጣ የወጣ ልጅ ብሔራዊ ፈተና ላይ ግማሹን ማግኘት ሲያቅተው ብዙ ቤት አይቷል። ስለዚህ ዛሬ የምንጠይቀውን ጥያቄ በደንብ መጠየቅ አለብን።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ማታ ጎረቤታችን ጋሼ ቡና ሊጠጡ መጡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ደሴ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሐሳባችንን ስንነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁን ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት ነበር። "ወሎን ያስተማረው እኮ ወይዘሮ ስሂን ነው፤ መምህር አካለ ወልድ ነው፤ ሆጤ ነው" አሉ።

እውነት ነው። የእቴጌ መነን እናት የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስሂን፣ የቦሩ ሜዳው ሊቅ መምህር አካለ ወልድ፣ ስማቸው በደሴ ትምህርት ቤቶች ላይ ያረፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የድሃውም የሹሙም ልጅ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረባቸው ቤቶች ናቸው። ዛሬም በፈተና ለሚለዩ ልጆች ደሴ ላይ የመንግሥት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ።

ወደ ግል የምናየው መንግሥት ትምህርት ቤትን ንቀን አይደለም። ልጃችን አምስተኛ ክፍል ሳለች የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር 27 ድረስ ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንዳሳለፉ እዚህ ላለ ሰው አይነገርም። ወንበር፣ ኮምፒውተር፣ የላብራቶሪ ዕቃ ጠፍቶ ባዶ ክፍል የቀረባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሰላም ካጡት ወረዳዎች ብዙ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ወደ ሁለቱ ከተሞች መጥቷል፤ መምጣቱም ትክክል ነው፤ ክፍሎቹ ግን ሞሉ። የእኛ ልጅ ዓይን አፋር ናት። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም።

ጋሼ ሰምተውን ሲያበቁ "አብሽሩ፣ የግሉንም ቢሆን ሕንፃውን አትዩ፤ ያላለፈውን ልጅ ምን እንዳደረጉት ጠይቁ" ብለው ሄዱ። ይህን ጻፍሁት።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት፣ ኮምቦልቻ። በሩ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፤ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ልጆች ፎቶ፣ ከሥሩ የማለፊያው መቶኛ። ለልጆቹ ደስ ብሎኛል። አገሪቱ ያለችበትን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2 በመቶ። በዚያ ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በ2016 ከ674,000 በላይ ተፈታኝ ውስጥ 36,409 ልጆች አለፉ፤ 5.4 በመቶ መሆኑ ነው። በዚህ መሃል ብዙ ልጅ አሳለፍሁ የሚል ትምህርት ቤት ወላጅን ቢስብ አይገርምም።

ግን የጋሼን ምክር ይዤ ርዕሰ መምህሩን ጠየቅሁ፦ "እነዚህ ልጆች ዘጠነኛ ሲገቡ ስንት ነበሩ?" ጥያቄው አዲስ የሆነባቸው መሰለኝ። "አንዳንዱ ይለቃል፣ አንዳንዱ ይዛወራል" አሉኝ በትሕትና፤ ቁጥሩን ግን አልነገሩኝም።

ቤት ገብቼ በወረቀት አሰላሁት። ሁለት ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው 60 ልጅ ዘጠነኛ ተቀበሉ እንበል። አንደኛው ደከም ያሉትን በአሥረኛና በአሥራ አንደኛ መልቀቂያ እያስያዘ ሸኝቶ 30 አስፈተነ፤ 27 አለፉ። ባነሩ ላይ 90 በመቶ ይጻፋል። ሁለተኛው ልጆቹን ይዞ ቆይቶ 55 አስፈተነ፤ 33 አለፉ። የሱ ባነር 60 በመቶ ነው። ወላጅ የሚሮጠው ወደ ዘጠናው ነው። ከተቀበሏቸው 60 ልጆች ብዙ ያሳለፈው ግን ሁለተኛው ነው። መግቢያ ላይ በፈተና መርጦ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ መቶኛው የሚናገረው ስለ ማስተማሩ ብቻ አይደለም፤ ስለ መረጣውም ነው።

ልጃችን መካከለኛ ተማሪ ናት። እኔን የሚያስጨንቀኝ ባነሩ ላይ ያሉት ልጆች ሳይሆኑ መልቀቂያ የያዙት ናቸው።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ፣ ደሴ

የሐረጎን ዳገት ወጣን። ከኮምቦልቻ ደሴ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር የሚያወጣ ጠመዝማዛ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ መንገዱን ሲሸፍነው ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ልጄ ከኮምቦልቻ በቀሚስ ወጥታ ደሴ ፒያሳ ስንደርስ ሹራቤን ለበሰች።

የደሴው ትምህርት ቤት ከሦስቱ ሰፊው ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱም ደህና ነው። ላብራቶሪውን አሳዩን፤ ዕቃው አለ። ያስጎበኘንን መምህር "ባለፈው መንፈቅ ዘጠነኛ ክፍል የትኞቹን ሙከራዎች ሠራ?" ብዬ ስጠይቀው አንድ ደብተር አምጥቶ አሳየኝ፤ ቀን፣ ክፍል፣ ሙከራ ተጽፎበታል። ገጾቹ ብዙ አይደሉም፤ የተጻፈ ነገር ማየቴ ግን አስደሰተኝ።

ሆጤ ሰፈር ያለችው የባለቤቴ እህት ምሳ ላይ "እኔ ጋ ትቀመጥ፣ አትመላለስም" አለች። ከልቧ ነው የምትለው። ባለቤቴ ግን "አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ዕድሜዋ ማታ ማታ ከእናቷ ጋር ማውራት አለባት" አለች። ስለዚህ ደሴ ከሆነ በሰርቪስ መመላለስ ነው። በክረምት ጉም፣ በኅዳር ብርድ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ዛሬ ስለ መምህራን ብዙ ተማርሁ። የማውቀው የፊዚክስ መምህር በመንግሥት ትምህርት ቤት ተቀጥሮ በትርፍ ሰዓቱ ኮምቦልቻ ያሉት ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያስተምራል! እኛ በምናማርጣቸው ሁለት ትምህርት ቤቶች ፊዚክስ የሚያስተምረው አንድ ሰው ነው።

"ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?" አልሁት። አስቦ መለሰልኝ። አንደኛው ጋ ክፍለ ጊዜው ስለሚደራረብበት አስተምሮ ይወጣል፤ የቤት ሥራ ለማረም ጊዜ የለውም። ሁለተኛው ጋ ክፍሉ አነስ ያለ ነው፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ደግሞ ተማሪ መጥቶ እንዲጠይቀው ተብሎ ይከፈለዋል። "እኔ ያው እኔ ነኝ። ሰዓቱ ነው የሚለያየኝ" አለኝ።

የግል ትምህርት ቤት መምህራን ኑሮም አነሳን። የክረምቱን ወራት ደመወዝ የማይከፍል ቀጣሪ አለ፤ መምህሩ መስከረም ላይ የተሻለ ካገኘ ቢሄድ አይፈረድበትም። ልጅ ደግሞ በዓመት ሁለት ሦስት የሒሳብ መምህር ሲቀያየርበት መሠረቱ ይናጋል። ከዚህ በኋላ በየትምህርት ቤቱ "የአምናዎቹ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህራን ዘንድሮም አሉ?" እያልሁ እጠይቃለሁ።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክሽን ነገር። አንደኛው ትምህርት ቤት ቢሮ ግድግዳ ላይ "ደረጃ 3" የሚል ተለጥፏል። ምዘናው ሦስት ክፍል አለው፦ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ከመቶ። ድምሩ ከ50 በታች ከሆነ ደረጃ 1 ነው፤ ከ50 እስከ 70 ደረጃ 2፤ ከ70 እስከ 90 ደረጃ 3፤ ከዚያ በላይ ደረጃ 4። አንድ ዓይነት ደረጃ ያላቸው ሁለት ትምህርት ቤቶች ነጥቡን ያገኙት ከተለያየ ቦታ ሊሆን ይችላል። አንዱ በሕንፃና በዕቃ፣ ሌላው ክፍል ውስጥ በሚሠራው። ለወላጅ የሚጠቅመው የሂደቱ ነጥብ ነው፤ መምህሩ ተዘጋጅቶ መግባቱ፣ ተማሪው መሳተፉ፣ የደከመው መደገፉ የሚታየው እዚያ ውስጥ ነው። ዝርዝሩን ማየት እንደምፈልግ ለሦስቱም ነገርሁ። አንዱ ብቻ አወጣና ሰጠኝ።

ማታ ከባለቤቴ ጋር ሒሳብ ሠራን። የወር ክፍያ ብቻውን ምንም አይነግርም። ምዝገባ፣ የዓመቱ የወር ክፍያዎች፣ መጽሐፍ፣ ዩኒፎርም፣ ሰርቪስ፣ ማጠናከሪያ፣ ሁሉም ተደምሮ ነው የሚታየው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ከተደረገ ወዲህ የሁሉ ነገር ዋጋ ወጥቷል፤ የትምህርት ቤትም እንዲሁ። በድምሩ ሲታይ ደሴ በሰርቪሱ ምክንያት ከሁለቱ በጣም ይበልጣል። ታናሽ ወንድሟም ከኋላዋ እየመጣ ነው። አራት ዓመት መክፈል የማንችለውን ጀምረን በአሥራ አንደኛ ብናስወጣት ጉዳቱ በእሷ ላይ ነው።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ፍልሰታ ተፈትቶ ቤቱ ደስ ብሎታል። የልጃችን ውጤትም መጥቷል፤ በጥሩ አልፋለች። ዛሬ እሷን ይዤ ሁለተኛውን የኮምቦልቻ ትምህርት ቤት ጎበኘን። የክረምት ማጠናከሪያ ስለነበረ ልጆች ነበሩ። እኔ ከርዕሰ መምህሯ ጋር ሳወራ እሷ ከአንዲት አሥረኛ የምትገባ ልጅ ጋር ውጭ ተቀመጠች።

ርዕሰ መምህሯ መዝገቡን ከፍተው አሳዩኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ዘጠነኛ ስንት እንደገቡ፣ ስንቶቹ ቤተሰባቸው ቦታ ቀይሮ እንደሄዱ፣ ስንቶቹ ክፍል እንደደገሙ፣ ስንቶቹ አሁን አሥራ ሁለተኛ እንደደረሱ። ውጤታቸው ከመጀመሪያው ትምህርት ቤት ያንሳል፤ እሱንም አልሸሸጉም። "የደከመውን ልጅ አናባርርም፤ ስለዚህ ባነራችን አያምርም" አሉኝ። የአንድ ተራ ተማሪ የሒሳብ ደብተር እንዲያሳዩኝ ለመንሁ። በቀይ ተስተካክሏል፤ "ነው" እና "አይደለም" ብቻ ሳይሆን የት ላይ እንደተሳሳተ ተጽፏል።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ልጄን "ምን አወራችሁ?" አልኋት።

"አባዬ፣ ያልገባሽን ማንን ነው የምትጠይቂው ብዬ ጠየቅኋት።"

"ምን አለችሽ?"

"የመምህሯን ስም ነገረችኝ፤ ቀኑንም ነገረችኝ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ያለች ጓደኛዬን ስጠይቃት ግን 'ጓደኞቼን' ነው ያለችኝ።"

እኔ ወር ሙሉ ጥያቄ ስፈልግ የከረምሁትን ልጄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠይቃ መጣች። ኮራሁባት።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

አስመዘገብናት፤ ሁለተኛው ኮምቦልቻ ትምህርት ቤት። ደሴ የተሻለ ቤተ መጻሕፍት አለው፤ ያ ይቆጨኛል፤ አንዳንድ ቅዳሜ አክስቷ ጋ እየሄደች በከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ትጠቀም ብለናል። ነገር ግን በሐረጎ መንገድ የሚሄደው ሰዓት ከእንቅልፏና ከጥናቷ የሚቀነስ ነው። ከመጀመሪያው ይልቅ ይህን የመረጥነው ሦስት ነገር አይተን ነው፦ የገቡትንና የወጡትን ቁጥር በግልጽ ነገሩን፤ ደብተር ይታረማል፤ ያልገባው ልጅ የሚጠይቀው ሰውና ሰዓት አለው። ጋሼ ሲሰሙ "በርቱ፤ አሁን ደግሞ ማስመዝገብ ብቻ አይደለም፤ ተከታተሉ" አሉ።

መስከረም 7 ቀን 2018፣ ረቡዕ

የ2017 አሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሰሞኑን ይፋ ሆኗል። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ናቸው። ካለፉት ዓመታት ይሻላል፤ አሁንም ግን ከተፈተኑ መቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ማለፊያውን አላገኙም። አዳዲስ ባነሮች እየተሰቀሉ ነው።

ዛሬ የዘጠነኛ ክፍል ወላጆች ተሰብስበን የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት መረጥን። እኔም ገባሁበት። ያቀረብሁት ሐሳብ አንድ ነው፦ ዘንድሮ ከልጆቻችን ጋር ዘጠነኛ የገቡት ቁጥራቸው ዛሬ ይመዝገብ፤ በየዓመቱ መጨረሻ ስንቱ እንዳለ፣ ስንቱ እንደለቀቀ፣ ለምን እንደለቀቀ ለወላጅ ይነገር። ርዕሰ መምህሯ ተቀበሉት፤ ወላጆችም እጅ አወጡ።

ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። የደሴና የኮምቦልቻ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ይህን ቁጥር ከግልም ከመንግሥትም ትምህርት ቤት ሰብስበው በየዓመቱ ቢያወጡት ወላጅ በፎቶ ብዛት አይመርጥም። ትምህርት ቤቶችም ልጅ በመሸኘት ሳይሆን ልጅ ይዞ በማሳለፍ ይወዳደራሉ። ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ መዝገቡ በየቢሮው አለ። እስኪወጣ ድረስ ግን ሐምሌ ላይ ብሮሸር የተሰጠው ወላጅ ሁሉ ከመክፈሉ በፊት ቆሞ ይጠይቅ፦ ዘጠነኛ የገቡት ልጆች የት ደረሱ?