ሹም መቼ ይውረድ?

እንደሚታወቀው ሁሉ በአቃቂና በቃሊቲ ፋብሪካዎች የሚሠራ ሰው ስድሳ ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። ገና ጉልበት አለኝ ቢል፣ ልጆቼን አላደረስሁም ቢል፣ ሕግ ነውና ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። ከዚህ ሰፈር ወደ ዩኒቬርሲቲ በአውቶቡስ የምንመላለስ ተማሪዎች ይህን እያየን አንድ ነገር ይገርመናል። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛው የሚወርድበት ቀን ታውቆ ሳለ፣ አገር የሚመራው ሰው የሚወርድበት ቀን ያልታወቀው ስለ ምንድን ነው?

በአቃቂ በኩል የተዘረጋው አሮጌው የባቡር ሐዲድ ነገሩን ያስታውሰናል። ፈቃዱን ዐፄ ምኒልክ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ባቡሩ በአቃቂ አልፎ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ እርሳቸው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አርፈው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጤናቸው መጓደሉን ባወቁ ጊዜ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በግንቦት 1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሻቸው፣ ራስ ተሰማ ናደውን ሞግዚት አደረጉ። ይህ ብዙ ነገሥታት ያላደረጉት ብልህነት ነው። ዳሩ ግን አልጋውን እንደያዙ ቆዩ። በ1902 ዓ.ም. ሕመሙ ጸናባቸው፤ አንደበታቸውም ተያዘ። በዚያው ዓመት እቴጌ ጣይቱ ከመንግሥት ሥራ ተገለሉ፤ ራስ ተሰማም በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። የንጉሡ ሞት እንኳ ለሕዝብ ወዲያው አልተነገረም። ከዚያ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሻሩ፤ በጥቅምትም በሰገሌ ወገን ከወገኑ ተላለቀ። አንደበታቸው ሳይያዝ አስረክበው ቢሆን ኖሮ፣ ወጣቱ ሲሳሳት የሚገሥጸው፣ መኳንንቱም የሚፈሩት ሰው በአጠገቡ ይኖር ነበር እንላለን።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከዚህ አልተማሩም። አልጋ ወራሹ በጥር 1965 ዓ.ም. በጠና ታመው ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ሄዱ፤ የልጅ ልጃቸው ዘርዓ ያዕቆብ በምትካቸው የተሰየሙት ግን አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ፣ በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ ዕድሜያቸው 82 ነበር።

ነገሩ የነገሥታትና የሽማግሌዎች ብቻ የሚመስለው ቢኖር 2004 ዓ.ምን ያስብ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ገና 57 ዓመታቸው ነበር። ያን ክረምት እኛ ልጆች ነበርን፤ ቡና ተፈልቶ ታላላቆቻችን በሹክሹክታ ሲጠያየቁ ግን እናስታውሳለን። መንግሥት እያገገሙ ነው፣ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ ሲል ቆየ፤ ነሐሴ 15 ቀን መሞታቸው ተነገረ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ስድስት ስድስት ዓመት ሆኖ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም፤ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖርበት ጊዜ ምክትሉ ተክቶት እንዲሠራ አንቀጽ 75 ያዛል። መልካም ነው። ነገር ግን በመንበሩ ያለው ሰው መሥራት ተስኖታል ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ሐኪሙ ነው? ምክር ቤቱ ነው? ወይስ ከእርሱ መሰንበት የሚጠቀሙት ባለሟሎቹ? አሜሪካኖች ይህን በሕገ መንግሥታቸው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ እኛም ብንጽፈው አያሳፍረንም።

በርግጥ ከአንባቢዎቻችን መካከል «ሽማግሌን ማውረድ ነውር ነው፤ ዕውቀት ያለው በእርሱ ዘንድ ነው» የሚል አይጠፋም። ምክሩን ማን ጠላ? ምክር ግን ማኅተም አያስፈልገውም። ኃይለ ማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. በ52 ዓመታቸው ሥራቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ፤ ተተኪያቸው እስኪሾምም እስከ መጋቢት 24 ቀን በሥራቸው ላይ ቆዩ። አገሩ በሁከት ተጨንቆ ስለ ነበረ ተገደው ነው የሚሉ አሉ። ይሁን፤ በእግራቸው ገብተው በእግራቸው ወጡ፤ ይህም በአገራችን ብርቅ ነው።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው በሰፈራችን እድር ሥራ ስለ ተሰጠን ጭምር ነው። ዳኛው ብዙ ዓመት በቅንነት የመሩን፣ እኛም አባባ የምንላቸው አዛውንት ናቸው። ዘንድሮ ታመው ተኙ፤ ያለ እርሳቸው ፊርማ ከባንክ ገንዘብ አይወጣምና፣ ጸሐፊው «ለነገ ይሻላቸዋል» እያለ ሁለት ወር አለፈ። በመካከሉ አንዲት እናት ባላቸውን በብድር ቀበሩ። እንግዲህ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ደንቡን አሻሽሉ» ተባልን። ዳኛ በየሁለት ዓመቱ ይመረጥ፤ ፈራሚዎቹ ሦስት ሆነው የሁለቱ ፊርማ ይብቃ፤ ዳኛው አንድ ወር ከታመመ ምክትሉ ማንንም ሳይጠይቅ ይተካ ብለን ጻፍን። ሽማግሌዎቹ አንብበው ወደዱት። አንደኛው ብቻ መነጽራቸውን አውልቀው «ይኼን ለእርሱ የሚያነብለት ማነው?» ብለው ጠየቁ። እስካሁን እሺ ያለ ሰው የለም፤ ስብሰባው የፊታችን እሑድ ነው።